ሕመሙን መናገር ለማይችል ሕመምተኛ



«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ያኖራል። ይሁን እንጂ ምንም ሳይሸሽግ፣ የሚናገርበት አንደበት በማጣቱ ብቻ መድኃኒት የሚያጣ ወገን አለ። ይኸውም ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለበት ሰው ነው።

በደምበጫ ገጠር የሚኖር እንዲህ ያለ ልጅ ጆሮውን ወይም ጥርሱን ሲያመው ራሱን ከግድግዳ ያጋጭ፣ እጁን ይነክስ፣ እህል እንቢ ይል ይሆናል። ቤተሰቡ ኀፍረትን ፈርቶ ከጓዳ ያውለዋል፤ ወይም ወደ ጸበል ይወስደዋል። ጤና ጣቢያ ቢደርስም ባለሙያው «ጠባዩ ነው» ብሎ ጆሮውን ሳያይ ሊመልሰው ይችላል። እንግዲህ በሽታውን የሸሸገው ማን ነው?

ችግሩ የድኻ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ 20 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ታውቋል፤ ከሞቱም ብዙው በወቅቱ ቢታከም ሊቀር የሚችል ነው። ስለዚህም ከ14 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ አጠቃላይ ምርመራ እንዲደረግላቸው ተወስኗል።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በማቋቋም በር ከፍተዋል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ ለእነዚህ ወገኖች የሚሰጠው ሕክምና ከሌላው ሰው ሕክምና እንዳያንስ ያዛል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከደምበጫ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የገበሬ ልጅ ማዕከሉን ፍለጋ ይህን ሁሉ መንገድ ሊጓዝ አይችልም።

ስለሆነም መፍትሔው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በኩል ሊፈለግ ይገባል። ከቤት ወደ ቤት የምትዞረው ሠራተኛ ከጓዳ የተሸሸገውን ልጅ ልታገኝ ትችላለች። የጤና ጣቢያው ባለሙያም የልጁ ጠባይ በድንገት ሲለወጥ አስቀድሞ ጆሮውን፣ ጥርሱንና ሆዱን ይመርምር፤ የሚጥል በሽታ እንዳለበትም ይጠይቅ፤ ይህ በሽታ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ይበዛልና፣ በርካሽ መድኃኒትም ሊገታ ይችላልና። እናቲቱንም ይስማ፤ የልጇን ዝምታ እንደ እርሷ የሚተረጉም የለም። ጸበሉንም መንቀፍ አያሻም፤ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው «ጠባዩ ነው» ከማለት በፊት መመርመርን ነው።