የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ጥንታዊ ቦታዎች ተመዝግበው ይጠበቁ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በታሪክ ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን ቀን በምናከብርበት በዛሬው ዕለት ስለ ታሪክ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው መዝገብ ስላለው ነው፤ ማን እንዳስተማረና ማን እንደ ተማረ ተጽፎ ስለሚቀመጥ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያገኛል። የምንኖርበት ምድር ጥንታዊ ቦታዎች ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም። ስለዚህ የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ጥንታዊ ቦታዎች ስለ ማጥናትና ስለ መመዝገብ ጥቂት ልንናገር አሰብን።

የመንዝ ስም ሲነሣ ብዙ ጊዜ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሸዋን መሳፍንት ዘር የመሠረቱት ነጋሲ ክርስቶስ ይታወሳሉ፤ ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባሉት ሦስቱ የመንዝ ክፍሎችም ይጠቀሳሉ። ይህ የተከበረ ታሪክ ነው። ነገር ግን ምድሩ ከዚህ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ሌላ ታሪክ ይዟል፤ ይኸውም በብራና ያልተጻፈ፣ በድንጋይና በአፈር ውስጥ የተቀመጠ ታሪክ ነው።

በመንዝና በአካባቢው ደጋዎች ክብ ሆነው የተከመሩ የድንጋይና የአፈር ጉብታዎች አሉ። ለአላፊ አግዳሚው ተራ የድንጋይ ክምር ይመስሉታል፤ እነርሱ ግን የጥንት ሰዎች መቃብሮች ናቸው። ፍራንሷ ግዛቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ፗሶኒዬ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው መሻለ ማርያምንና ተተር ጉርን በመሰሉ ቦታዎች ቁፋሮ አድርገው የደረሱበትን እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ አሳተሙ። ለዚህም ጥንታዊ ሕዝብ ባህል በአካባቢው ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» የሚል ስያሜ ሰጡት። ዘመኑም ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ድረስ ነው።

ይህ ዘመን በላስታ የዛጔ ነገሥታት የገዙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1270 ደግሞ ዐፄ ይኩኖ አምላክ የነገሡበት ዘመን ነው። በዚሁ ጊዜ በእነዚህ ደጋዎች ላይ ታላላቆቹን ከሸክላ ዕቃና ከመስተዋት ዶቃ ጋር በትልቅ ጉብታ ሥር የሚቀብር ሕዝብ ይኖር ነበር። ክርስቲያንም ሆነ እስላም ሙታኑን ያለ ዕቃ መቅበር ልማዱ ስለ ሆነ፣ ሊቃውንቱ እነዚህ ሰዎች ከሁለቱም ሃይማኖት ውጭ እንደ ነበሩ ተረድተዋል። ዶቃውም ደጋው ከሩቅ አገር ንግድ ጋር የተገናኘ እንደ ነበረ ያስረዳል። ይህን ሁሉ የነገረን የንጉሥ ዜና መዋዕል ሳይሆን ከጉብታው ሥር የተገኘው ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዶቃው ወይም ገንቦው ብቻውን ቢገኝ ይህን ያህል ሊናገር ይችላልን? አይችልም። ዶቃው በአንገት ወይም በእጅ አጠገብ መገኘቱ፣ ገንቦው ከየትኛው የአፈር ድርብ መውጣቱ፣ ከአጠገቡ የነበረው ከሰል ወይም አጥንት የት እንደ ወደቀ መታወቁ ነው ትርጉም የሚሰጠው። በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ ካርቦን 14 የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ከሞተ በኋላ ይህ ነገር እየቀነሰ ሄዶ በ5,730 ዓመት ገደማ በግማሽ ይጎድላል። ሊቃውንት በከሰሉ ውስጥ የቀረውን መጠን ለክተው ዘመኑን ያውቃሉ። ከሰሉ ግን ከስፍራው ተነሥቶ ከሌላ አፈር ጋር ከተደባለቀ የማንን ዘመን እንደሚናገር ማወቅ አይቻልም። አንድ መቃብር ሁለት ጊዜ አይቆፈርም። ወርቅ አገኛለሁ ብሎ በሌሊት የሚቆፍር ሰው ወርቁን ባያገኝም ታሪኩን አጥፍቶ ይሄዳል።

ጉብታውን የሚያፈርሰው ግን ሁልጊዜ ክፉ አሳብ ያለው ሰው አይደለም። አገራችን ቤቱ ከድንጋይ፣ አጥሩም ከድንጋይ የሚሠራበት አገር ነው። ባላገሩ ልጁን ሲድር የጎጆ መሥሪያ ድንጋይ ያስፈልገዋል፤ የተከመረ ድንጋይ በአጠገቡ እያለ ከገደል ሥር በሸክም እንዲያመጣ ማንም አይፈርድበትም። እርሻ ሲሰፋም፣ መንገድ ሲወጣም እንዲሁ ነው። የድንጋዩን ምንነት የነገረው ሰው ከሌለ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከቁጣ ይልቅ ዕውቀት፣ ከክልከላም አስቀድሞ መዝገብ ያስፈልጋል።

መዝገብ የሚያስፈልገው ለሩቁ ዘመን ብቻ አይደለም። በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ጊዜ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች የነበሩ አርበኞች ከነቤተ ሰባቸው በዚሁ በመንዝ ምድር ዘረት በተባለ ስፍራ በዋሻ ውስጥ ተጠግተው ነበር። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. የጠላት ጦር ዋሻውን ከብቦ የመርዝ ጋዝ ጣለባቸው፤ እጃቸውን ከሰጡትም ብዙዎቹን በጥይት ፈጀ። የአገሩ ሰው ቦታውን «አመፀኛ ዋሻ» እያለ ነገሩን በቃል ሲያወርስ ኖረ። ማስረጃው ግን በኢጣልያ ጦር መዛግብት ውስጥ ተዘግቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2006 ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ ወረቀቱን አግኝቶ እስከ ዋሻው ድረስ መጣ። በኋላም አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባልና ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዮናታን ሣህሌ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዋሻውን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 ጽሑፍ አወጡ። በዋሻው ውስጥ የታየው የእህል ማስቀመጫና የቤት ዕቃ በዚያ የነበሩት ተዋጊዎች ብቻ ሳይሆኑ እናቶችና ሕፃናትም እንደ ነበሩ መሰከረ።

ከግፉ እስከ ዶሚኒዮኒ መምጣት ድረስ 67 ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል ያዩት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ዐረፉ። የዚያን ጊዜ ተማሪ የነበረ ሁሉ አንድ አንድ ሽማግሌ ጠይቆ አንድ አንድ ገጽ ጽፎ ቢሆን ኖሮ የሟቾቹ ስም ዛሬ በእጃችን በነበረ! አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ለዚህ ነው።

የቦታ ስምም ራሱ መዝገብ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጥሬ እ.ኤ.አ. በ1963 ለጥናት ታውቆ ከመቶ ሺህ ዓመታት በላይ የቆዩ እጅግ ብዙ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኙበት። በአቅራቢያው ያለው መንደር ባልጩት ይባላል። እውነትም የጥንት ሰዎች ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ጥቁሩን የባልጩት ድንጋይ ያገኙ የነበረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለቱም ቦታዎች በአንድነት በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። እኛም የየመንደራችንን፣ የየተረተሩንና የየዋሻውን ስም ሳንሰለች መጻፍ ይገባናል፤ ከስሙ ውስጥ ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ አይታወቅምና።

የብራና መጻሕፍትን በሚመለከት አንድ ትልቅ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ያሉ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ይነሡ ጀመር፤ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትም ተነሥተው አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የብዙዎቹን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ዋናው መጽሐፍ እሳት ቢነካው ወይም ቢሰረቅ ቅጂው ይመሰክራል። ለጉብታውና ለዋሻውም ይህንኑ ማድረግ ይቻላል።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ከልክሏል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንደ ነበረ እንዲጠብቀው አዟል። ስለዚህ የተማሪ ሥራ መቆፈር አይደለም፤ ማየት፣ መለካትና መጻፍ ነው።

የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ትምህርት ቤታችን አንድ የጥንታዊ ቦታዎች መዝገብ ይክፈት። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ገጽ ይሰጠው። በገጹ ላይ የቦታው ስም፣ ቀበሌው፣ በአቅራቢያው ያለው ቤተ ክርስቲያን ወይም ወንዝ፣ ርዝመቱና ቁመቱ፣ የድንጋዩ አቀማመጥ ሥዕል፣ የታየበትም ቀን ይጻፍ። ፎቶግራፍ ሲነሣ መጠኑ እንዲታወቅ ባለ አንድ ሜትር በትር ከጎኑ ይቁም። ሽማግሌ የነገሩን እንደ ቃላቸው፣ እኛ በዓይናችን ያየነው ደግሞ ለብቻው ይጻፍ፤ ሁለቱ ከተደባለቁ በኋላ የሚመጣው አጥኚ ይሳሳታል። ከመዝገቡም አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ወርቅ ፈላጊ እንዳይደርስበት ትክክለኛው ስፍራ በአደባባይ አይለጠፍ።

ይህ ሥራ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ከልሎ፣ የሚታጨድበትንና የሚዘጋበትን ጊዜ ወስኖ ጠብቋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ ደንብ ጥበቃውን ቀጠለ። ሣር እንኳ ቢታጨድ ተመልሶ ይበቅላል፤ የፈረሰ ጉብታ ግን ተመልሶ አይበቅልም። ለሣሩ ደንብ ያወጣ ሕዝብ ለአያቶቹ መቃብር ደንብ ማውጣት አያቅተውም።

ስለዚህ ወላጆቻችን፣ ከማሳችሁ ያለውን የድንጋይ ክምር ከማንሣታችሁ በፊት እባካችሁ ንገሩን፤ መጥተን እንለካለን። አያቶቻችንም የምታውቁትን የቦታ ስምና ታሪክ አጫውቱን። መምህራኖቻችን ሥራችንን አርሙልን፤ እናንተም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በመጪው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ እያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ሞልታችሁ ተመለሱ።