ማጣሪያውን ከመጫናችን በፊት



«ሐኪም ሂሳብ ውስጥ ምን አገባት?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔ የምሠራው ቦንጋ ነው። ደረቱን አሞት የመጣ ገበሬ ከፊቴ ሲተኛ ወደ ጂማ ልላከው ወይስ እዚሁ ልከታተለው የሚለውን ስወስን፣ ከሕመሙ ታሪክ ቀጥሎ የማየው የኢ.ሲ.ጂ. ወረቀቱን ነው። ጂማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለቤተሰቡ የመኪናው ኪራይ፣ የአስታማሚው ስንቅ ሁሉ ዕዳ ነው። መሄድ ያለበት ሰው ቢቀር ደግሞ የባሰ ነው።

ያን ወረቀት የሚያወጣው መሣሪያ ውስጥ ሂሳብ አለ። ፈረንሳዊው ፉሪየር እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው የሙቀት ጥናቱ፣ የተወሳሰበ ለውጥ ወደ ቀላል ሞገዶች ሊበተን እንደሚችል አሳየ። ሃርሞኒክ አናሊስስ የምንለው ዘርፍ ከዚህ በቀለ። ጆሯችንም ያውቅበታል፤ በማኅሌት ከበሮውንና ጸናጽሉን አንድ ላይ ሰምተን ለየብቻ እንለያቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1965 ኩሊና ቱኪ ስሌቱን የሚያፋጥን ዘዴ ካሳተሙ ወዲህ ኮምፒውተር በቅጽበት ይሠራዋል። የኤም.አር.አይ. ምስልም፣ በዶፕለር አልትራሳውንድ የምናየው የደም ፍሰትም የሚወጡት በዚሁ ስሌት ነው።

ወደ ኢ.ሲ.ጂ. ልመለስ። የመብራታችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ሲረብሽ ወረቀቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጭረት ሆኖ ይታያል። ያኔ እጃችን ወደ ማጣሪያው ይሮጣል። ማጣሪያው ከ40 ኸርዝ በላይ ያለውን ሲቆርጥ ጭረቱ ይጠፋል፤ ከልቡ ሹል ሞገድም አብሮ የሚሄድ አለ። ከ0.5 ኸርዝ በታች ያለውን ሲቆርጥ ደግሞ በትንፋሽ የሚዋዥቀው መስመር ይረጋል፤ ግን የኤስ.ቲ. ክፍል ከቦታው ሊዛነፍ ይችላል። የልብ ጡንቻ ደም ማጣቱን የምንፈልገው እኮ እዚያው ላይ ነው! ለአዋቂ ምርመራ የሚመከረው ከ0.05 እስከ 150 ኸርዝ ያለው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቆዳውን እናጽዳ፣ ሽቦውን እንይ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጠውን እናሙቀው፣ መሣሪያውን ከሶኬት ነቅለን በባትሪ እንሞክረው። ከዚያ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የታተመውን የማጣሪያ ቁጥር እናንብብ።

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን፦ የሂሳብ መምህሩንና የሕክምና ተማሪዎቹን ለአንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ኢ.ሲ.ጂ. ፊት አስቀምጡልን። የአንዱን ሰው ልብ ማጣሪያው ሲበራና ሲጠፋ ጎን ለጎን ይዩት። ነገ እንደ ቦንጋ ባለ ቦታ ሌሊት ብቻውን ተረኛ ለሚሆነው ወጣት ሐኪም ትልቅ ስንቅ ነው።