«ስፔለንኪ» ከዓመታት በኋላ፦ ስለ አንድ የቪዲዮ ጨዋታና ስለ ዕጣ አወጣጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው «ዕድሜው ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነ አንድ ፕሮግራም መርጠህ፣ ዛሬ እንደገና ሲታይ ለሙያችን ምን እንደሚነግረን አስረዳን» ሲል በጠየቀኝ ጊዜ፣ የሒሳብ አያያዝ ወይም የመዝገብ አጠባበቅ ፕሮግራም አቀርባለሁ ብሎ ሳይገምት አልቀረም። እኔ ግን የመረጥሁት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በአዳራሹ ውስጥ አንዳንድ ፈገግታ ይታየኛል፤ አልቀየምም። እኔ ራሴ ይህን ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየሁ ዕለት የሰጠሁት ፍርድ ከፈገግታ የከፋ ነበር።

አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት ሲጫወት አግኝቼው ከኋላው ቆሜ ተመለከትሁ። በመስኮቱ ላይ ያለው ትንሽ ሰውዬ ወደ ጉድጓድ ወረደ፤ ፍላጻ ወጋው፤ ሞተ። ልጁ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ደግሞ እባብ ነደፈው፤ ሞተ። ጉድጓዱም በሁለተኛው ጊዜ የመጀመሪያው ጉድጓድ አልነበረም፤ ግድግዳው፣ መሰላሉ፣ ወጥመዱ፣ ሁሉም ቦታውን ለውጧል። «ይህማ ቁማር ነው» ብዬው ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስሁ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለማረም ነው።

የጨዋታው ስም «ስፔለንኪ» ይባላል። ደራሲው አሜሪካዊው ዴሪክ ዩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ላይ «ጌም ሜከር» በተባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም አዘጋጅቶ በዊንዶውስ ለሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ያለ ክፍያ አሠራጨው። በ2009 መጨረሻም ዋናውን የፕሮግራም ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። በ2012 ከፕሮግራም ጸሐፊው ከአንዲ ኸል ጋር ሆኖ ሥዕሉንም አሠራሩንም አድሶ ለኤክስቦክስ 360 አወጣው፤ በ2013 ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ፕሌይስቴሽን ተሸጋገረ። ሁለተኛው ክፍል የወጣው በ2020 ነው። እኔ የምናገረው በይበልጥ ስለ መጀመሪያው፣ አልፎ አልፎም ስለ 2012ቱ ቅጂ ይሆናል።

የጨዋታው ዘር ከሁለት ወገን ነው። በአንደኛው ወገን ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ የካሊፎርኒያ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የጀመሩት፣ ኬን አርኖልድም በኋላ የተጨመረበት «ሮግ» የተባለ ጨዋታ አለ። በዚያ ጨዋታ ሥዕል የለም፤ ጀግናውም ጭራቁም የመኪና ጽሕፈት ፊደል ነው። ሁለት ሕጎች ግን ነበሩት፤ የምድር ቤቱ ካርታ በየጊዜው አዲስ ሆኖ ይነደፋል፤ የሞተም ሰው አይመለስም። ይህን የመሰለው ሁሉ በኋላ «ሮግላይክ» ተባለ። በሌላው ወገን እንደ 1985ቱ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ያለው፣ ከመደብ ወደ መደብ እየዘለሉ የሚሄዱበት ጨዋታ አለ። በ«ማሪዮ» ጉድጓዱ ትናንት ከነበረበት ዛሬም አለ፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ መንገዱን በቃሉ ያጠናዋል። ዴሪክ ዩ የኋለኛውን ፍጥነትና ዝላይ ከቀድሞው ሕግ ጋር አጋባ። በቃል ያጠና ተጫዋች እዚህ ምንም አይጠቅመውም። የሮግን ሕግ ተከትለው ተራ በተራ መጫወቱን የተዉት እንዲህ ያሉት ጨዋታዎች ዛሬ «ሮግላይት» እየተባሉ ይጠራሉ። ስለ ስሙ የሚከራከሩ አሉ፤ እኛ አንገባበትም።

ሰውዬው ጉዞውን ሲጀምር አራት ነፍስ፣ አራት ቦምብ፣ አራት ገመድና አንድ አለንጋ አለው። ከማዕድን ጉድጓድ ተነሥቶ በጫካ፣ በበረዶ ዋሻና በጥንት ቤተ ጣዖት ያልፋል፤ በየአንዳንዱ አራት አራት ደረጃ አለ። በመጨረሻም ኦልሜክ የተባለ ግዙፍ የወርቅ ራስ ይጠብቀዋል። በመንገዱ ሱቅ ያገኛል፤ ባለሱቁ ሰላማዊ ሰው ነው፤ ዕቃ የሰረቀበትን ግን በጠመንጃ ያሳድዳል፤ በኋለኞቹም ደረጃዎች ሳይቀር አድፍጦ ይጠብቀዋል። አንድ ደረጃ ላይ ሲልከሰከስ የቆየ ተጫዋች ደግሞ የማይገደል መንፈስ ይመጣበታል፤ በ2012ቱ ቅጂ ይህ የሚሆነው ከሁለት ደቂቃ ተኩል በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ካርታው እንዴት ይሠራል? «ቁማር ነው» ያልሁት ይህን ሳላውቅ ነበርና።

አንዱ ደረጃ 16 ክፍሎች አሉት፤ አራት በወርድ፣ አራት በቁመት። እያንዳንዱ ክፍል 10 ካሬ ወርድና 8 ካሬ ቁመት ነው። ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ስለ እባብም፣ ስለ ወርቅም፣ ስለ ወጥመድም አያስብም። አስቀድሞ ከላይኛው ረድፍ አንድ ክፍል በዕጣ መርጦ መግቢያውን በዚያ ያደርጋል። ከዚያም ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያወጣል፤ 1 ወይም 2 ቢወጣ ወደ ግራ፣ 3 ወይም 4 ቢወጣ ወደ ቀኝ፣ 5 ቢወጣ ወደ ታች አንድ ክፍል ይራመዳል። ከጎን ጠርዝ ጋር ቢጋጭም ይወርዳል። እንዲህ እያለ ከታችኛው ረድፍ ላይ ደርሶ ከዚያ በታች ሊወርድ ሲል፣ መውጫውን በዚያው ይተክላል። መንገዱ ተጠርጎ አለቀ ማለት ነው፤ እስካሁን ግን አንዲት ጡብ እንኳ አልተቀመጠችም።

በዚህ መንገድ ላይ የዋሉት ክፍሎች ግዴታ አለባቸው። መተላለፊያ የሆነው ክፍል በግራና በቀኝ ክፍት ይሆናል፤ ወደ ታች የሚያወርደው በሥሩም ይከፈታል፤ ከላይ የሚቀበለው በአናቱም ይከፈታል። ከመንገዱ ውጭ የቀሩት ክፍሎች ግን ግዴታ የለባቸውም፤ ዙሪያቸውን የተዘጉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሀብትም ሊይዙ፣ ባዶም ሊሆኑ ይችላሉ። ለየዓይነቱ ክፍል ደራሲው በእጁ የነደፋቸው ልዩ ልዩ ንድፎች ተቀምጠዋል፤ ፕሮግራሙ አንዱን አንሥቶ ጥቂት ካሬዎቹን በዕጣ ይለዋውጣል። አውሬውና ወጥመዱ የሚበተነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ በዕጣው ውስጥ ዕጣ የማይነካው አንድ ነገር አለ። ተጫዋቹ አንድ ቦምብ ሳያፈነዳ፣ አንድ ገመድ ሳይሰቅል፣ ከመግቢያው እስከ መውጫው የሚደርስበት መንገድ ሁልጊዜ ይኖራል። መንገዱ አደገኛ ይሆን ይሆናል፤ የለም ግን አይባልም። ቦምቡና ገመዱ ከዚህ መንገድ ወጥቶ ሀብት ለሚፈልግ፣ ወይም ለተሳሳተ ሰው የተሰጡ ናቸው።

ሁለተኛም ነገር አለ። በ«ሮግ» ሰይፍ ሲሰነዘር ያገኝ ወይም ይስት እንደሆነ የሚወስነው ዕጣ ነው። በ«ስፔለንኪ» ዕጣ የሚወጣው ደረጃው ሲነደፍ ነው፤ ተጫዋቹ ወደ ጉድጓዱ ከገባ በኋላ በእርሱ ሥራ ላይ ዳይስ የሚወረውር የለም። የፍላጻ ወጥመድን እንውሰድ። በፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ ይተኩሳል፤ ሁልጊዜም ሁለት ነፍስ ይወስዳል። ያለፈው ሰው ይሁን የተወረወረ ድንጋይ ወጥመዱ አይለይም። ስለዚህ አስተዋይ ተጫዋች አስቀድሞ ድንጋይ ይወረውራል፤ ወጥመዱ ይተኩስና ባዶ ይቀራል፤ እርሱም የወደቀውን ፍላጻ አንሥቶ ለራሱ መሣሪያ ያደርገዋል። በገበጣ ጠጠሮቹ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግልጽ ይታያሉ፤ በዳይስ ጨዋታ እጅ ከተዘረጋ በኋላ ማንም ምንም አያውቅም። ይህ ጨዋታ በሁለቱ መካከል ነው፤ የሚመጣውን አናውቅም፤ የመጣውን ግን አይተን እንደየሕጉ ልንመልስለት እንችላለን። ባልደረባዬ በፍላጻው በሞተ ጊዜ ያልተረገመው ለዚህ ነበር። ወጥመዱን አይቶት ነበር፤ ቸኮለ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዴሪክ ዩ የለቀቀውን የፕሮግራም ጽሑፍ ከብዙ ጊዜ በኋላ አውርጄ ሳነበው ነው። ካነበብሁም በኋላ ለጥቂት ቀናት ደስ አላለኝም፤ ምክንያቱን ብነግራችሁ ሳይሻል አይቀርም።

በአንድ መሥሪያ ቤት ለደረጃ ዕድገት የሚሰጥ ፈተና በኮምፒዩተር እንዲሆን ታዝዤ ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። 300 ጥያቄዎች ተሰበሰቡ፤ ለየተፈታኙ 20 በዕጣ እንዲወጣ አደረግሁ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፈተና ስለማይደርሳቸው መኮራረጅ ቀረ፤ ተመሰገንሁም። ከወደቁት መካከል ግን በመዝገብ ቤት ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንዲት ወይዘሮ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ከ20ው ጥያቄ 11ዱ ስለ ግዥ ነበር፤ ስለ መዝገብ አያያዝ የደረሳቸው አንድ ብቻ ነው። እኔም በሙሉ ልብ «እትዬ፣ ኮምፒዩተሩ እኮ ለማንም አያዳላም፤ በዘፈቀደ ነው የሚመርጠው» አልኋቸው። እርሳቸውም ወረቀቱን እያጠፉ «አያዳላም ስትል ሰምቻለሁ ልጄ፤ ግን እኮ አላየኝም» ብለውኝ ሄዱ።

የዴሪክ ዩን 16 ክፍሎች ባየሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። አንድ የጨዋታ ደራሲ፣ ለወርቅ ለቃሚ ትንሽ ሰውዬ፣ መንገድ ሳያዘጋጅ ዕጣ አላወጣም። እኔ ለሰው ደመወዝ ዕጣውን ብቻ አወጣሁ። ፕሮግራሙን እንደገና ስጽፈው ከየሥራ ዘርፉ ስንት፣ ከቀላሉ ስንት፣ ከከባዱ ስንት የሚለውን አስቀድሜ ወሰንሁ፤ ዕጣው የሚወጣው በየክፍሉ ውስጥ ሆነ። ለውጡ ከአርባ መሥመር አይበልጥም ነበር። ወይዘሮዋ ግን በዚያን ጊዜ በጡረታ ተሰናብተው ነበር።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሌላ መንገድ መረጡ። በ2013 የወጣው «ሮግ ሌጋሲ» የሞተው ሰው ልጅ የአባቱን ወርቅ ወርሶ ብርታት እንዲገዛበት አደረገ፤ ስለዚህ ደጋግሞ የሞተ ሰው፣ ምንም ባይማር እንኳ፣ ውሎ አድሮ ጉልበት ያገኛል። ሰዎች ይህን የሚወዱበት ምክንያት ይገባኛል፤ የደከመ ሰው አንድ ነገር ይዞ መተኛት ይፈልጋል። እኔ ግን የቀድሞውን እመርጣለሁ። በ«ስፔለንኪ» መሿለኪያ የሚቆፍር ሰው ከሚከፍተው አቋራጭ በቀር ከሞት የሚተርፍ ሀብት የለም። መቶ ጊዜ የሞተውም፣ ዛሬ የጀመረውም በአራት ነፍስ ይነሣሉ።

እንከን የለውም አልልም። በጨለማ የሚመጡ ደረጃዎች፣ አይቶ መመለስ ይቻላል ያልሁትን ሕግ ያጎድላሉ። የተጠለፈችውን ሴት ተሸክሞ መውጫ ላደረሰ አንድ ነፍስ ይጨመርለታል፤ ሴቲቱ እንደ ጓዝ ትነሣለች፣ ትጣላለች፣ ወጥመድ ለመሞከሪያም ትወረወራለች። ይህ ያኔም ቢሆን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በ2012ቱ ቅጂ በሴቲቱ ቦታ ወንድ ወይም ውሻ መምረጥ መቻሉ ነገሩን ከማስተካከል ይልቅ በሣቅ አለፈው። በዚያው ቅጂ የወርቁን ጣዖት ባነሡ ጊዜ የሚንከባለለው ቋጥኝ ሱቅ ካፈረሰ፣ ባለሱቁ ጥፋቱን በተጫዋቹ ላይ ያደርጋል። ብዙዎች ይህን ግፍ ይሉታል፤ እኔ ግን ጣዖቱን ከማንሣት በፊት ሱቁ የት እንዳለ መመልከት ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

የ2013ቱ የኮምፒዩተር ቅጂ አንድ ነገር ጨመረ፤ የዕለት ውድድር። በአንድ ቀን ለሚጫወቱት ሁሉ፣ በየትኛውም አገር ቢሆኑ፣ ያው አንድ ዕጣ ይወጣል፤ ካርታው ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚሞከረውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዕጣው እኔን ጎዳኝ የሚል አይኖርም፤ ሌላውም ያው ደርሶታል። የፈተናውን ጉዳይ በዚህም መንገድ ማየት ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን ስለ መኮራረጅ ብቻ ነበር የምናስበው።

ያን ጊዜ «ቁማር ነው» ያልሁት ባልደረባዬ ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም፣ እየሣቀ ስለሆነ ታውቁታላችሁ። እርሱ ኦልሜክን ያሸነፈው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እኔ ባለፈው ክረምት እንደ አዲስ ጀምሬ እስካሁን ከበረዶው ዋሻ አላለፍሁም። የ2008ቱን ቅጂ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ጭነን ከአዳራሹ በስተኋላ አስቀምጠነዋል። ኮሚቴው ለሻይ ዕረፍት 20 ደቂቃ ፈቅዶልናል፤ የሚሞት ቦታውን ለሚቀጥለው ይልቀቅ። የመጀመሪያው የፍላጻ ወጥመድ ከየት በኩል እንደሚመጣ ልነግራችሁ አልችልም።