እንግዳ ሲጎዳ ካሳው ከማን ነው?

ሴቻ ሰፈር ውስጥ ፎቅ ላይ የተከራየ ወዳጅዎን ሊጠይቁ ሄዱ እንበል። የደረጃው መደገፊያ ተነቅሎ ወደቁ፤ እግርዎ ተሰበረ። የሕክምናውን ወጪ ማን ይክፈል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2077፣ ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው ይላል፤ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ። «መደገፊያው መላላቱን አላወቅሁም» ማለት አያድነውም። ይህን ያህል ጠንካራ መብት እያለ ብዙ ተጎጂ «እድሌ ነው» ብሎ ዝም ማለቱ በጣም ያሳዝናል። ባለቤቱም ቢሆን ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛው ሌላ ሰው ከሆነ እሱን መጠየቅ ይችላል።

ከቤት የወደቀ ዕቃ ከመታዎት ግን፣ በአንቀጽ 2080 መሠረት፣ ተጠያቂው በቤቱ የሚኖረው ነው፤ ተከራይም ቢሆን። ማስረጃ እንዲኖርዎት የተነቀለውን መደገፊያ ሳይጠገን ፎቶ ያንሱ፣ የሕክምና ደረሰኝዎን ያስቀምጡ። ክስ ለማቅረብ በመደበኛው ያለዎት ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ አንስቶ 2 ዓመት ነው።