ጥማድ ቃላት
(በሁሩታ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ከእርሻ ውላችሁ፣ ከብት አስገብታችሁ፣ እራት ሳትቀምሱ የመጣችሁም አላችሁ። ስለዚህ ነገሬን አላስረዝምም።

ባለፈው ሳምንት ከመካከላችሁ አንድ አባት ባዶ ጀሪካን ይዘው መጡ። የስንዴ አረም ማጥፊያ መድኃኒት የነበረበት ነው። «ልጄ፣ የእኛን ፊደል ማንበብ ጀምሬአለሁ። ይህ ግን የእንግሊዝ ነው። ውኃ ልንቀዳበት ነውና ምን እንደሚል ንገረኝ» አሉኝ።

አነበብኩት። ከተጻፉት ቃላት መካከል «ኪፕ አዌይ» የሚል ነበር። «ኪፕ» ብቻውን ሲሆን ያዝ፣ አቆይ ማለት ነው። ይህችን አንዲት ቃል ብቻ የሚያውቅ ሰው «ጥሩ ጀሪካን ነው፣ ያዙት» የሚል ይመስለዋል። «አዌይ» የምትባለው ትንሽ ቃል ስትከተል ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ኪፕ አዌይ ፍሮም ችልድረን» ማለት ከልጆች አርቁ ማለት ነው።

በዚያ ጀሪካን ውኃ አልተቀዳበትም። የመርዝ ዕቃ ቢታጠብም ለውኃ፣ ለወተት፣ ለዘይት አይሆንም። ማንም ዳግመኛ እንዳይጠቀምበት መበሳት አለበት።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚያች ትንሽ ቃል ነው።

ሥራን ወይም ድርጊትን የሚናገር ቃል ግሥ ይባላል። መጣ፣ ሄደ፣ አረሰ፣ ግሦች ናቸው። በእንግሊዝኛ ብዙ ግሦች ብቻቸውን አይሄዱም። ከኋላቸው ትንሽ ቃል ይጠመዳል። ሁለቱ ሲጠመዱ አዲስ ትርጉም ይወጣል። እናንተ ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ጥማዱ ነው የሚያርሰው።

እኔም ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ተማሪ ሳለሁ መምህራችን «ፑት አውት ዘ ፋየር» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰጡን። «ፑት» አስቀምጥ ነው። «አውት» ውጭ ነው። «ፋየር» እሳት ነው። ሦስቱንም ስለማውቅ እጄን አውጥቼ «እሳቱን ውጭ አስቀምጥ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ለካ ትርጉሙ «እሳቱን አጥፋ» ኖሯል። ቤት ሲቃጠል እንደኔ የሚተረጉም ሰው ቢገኝ ምን ይውጠን ነበር!

ታዲያ ይህ ነገር የእንግሊዞች ብቻ አይምሰላችሁ። የእኛም ቋንቋዎች ያውቁበታል። በአማርኛ «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። «ዝም አለ» ስንልስ? ሰውየው አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኛ ግን «አለ» እንላለን! «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ብቅ አለ» ስንልም የተናገረ ሰው የለም። ቃላቱ ተጠምደው ሌላ ነገር ሆኑ። በኦሮምኛም «ጄዼ» ማለት አለ ነው፤ «ጨል ጄዼ» ግን ዝም አለ ማለት ነው።

ኦሮምኛ ደግሞ ከአማርኛ ይበልጥ ወደ እንግሊዝኛው የሚቀርብበት መንገድ አለው። እንግሊዝ «ስታንድ አፕ» ሲል ተነሥ ማለቱ ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ ነው። «ሲት ዳውን» ሲል ተቀመጥ ማለቱ ነው፤ «ዳውን» ወደ ታች ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? «ኦል ካኢ»፣ «ጋዲ ታኢ» ትላላችሁ። «ኦል» ላይ፣ «ጋዲ» ታች። አንድ ዓይነት ጥማድ ነው።

እዚህ በመጣሁ ሰሞን አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆሜ ቢያዩኝ «ኦል ሴኒ» አሉኝ። «ኦል» ላይ ማለት መሆኑን ሰምቼ ነበርና ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እናቲቱ «ግባ» ማለታቸው ነበር። «ጋዲ ዺሲ» ማለትም «ወደ ታች ተው» ሳይሆን «ልቀቅ» ማለት መሆኑን ኋላ ተማርኩ። እናንተ ያለ ድካም የምትናገሩት ለእንግዳ እንዲህ ይከብዳል።

እንግሊዞችም ራሳቸው ይህን አስተውለዋል። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1755 ትልቅ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በመቅድሙም ላይ ባዕድ ሰው ቋንቋቸውን ሲማር በጣም የሚቸገረው በእነዚህ ጥማድ ግሦች መሆኑን ጽፏል። ይህ ሰው በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ራሴላስ የሚባል ልብ ወለድ የደረሰው ነው።

አሁን ለኑሮ የሚያስፈልጉትን እንይ። «ተርን» ማለት አዙር ነው። የሬዲዮን ቁልፍ አስቡ።
«ተርን ኦን» ክፈት ነው።
«ተርን ኦፍ» ዝጋ ነው።
«ተርን አፕ» ድምፁን ከፍ አድርግ ነው።
«ተርን ዳውን» ዝቅ አድርግ ነው።
ግሡ አንድ ነው፤ ትርጉሙ አራት ሆነ። በወፍጮ ቤት ሞተርና በውኃ መሳቢያ ላይም «ኦን» እና «ኦፍ» ተጽፈው ይገኛሉ። የወፍጮው ቺንጋ የሰው ነጠላ ሲይዝ የትኛው ማጥፊያ እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ የለም። አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ሌላ ልጨምር። «ሉክ» ተመልከት ነው።
«ሂ ሉክስ አፍተር ዘ ካውስ» ማለት ላሞቹን ይጠብቃል ማለት ነው።
«ሂ ሉክስ ፎር ዘ ካውስ» ማለት ግን ላሞቹን ይፈልጋል ማለት ነው።
በመጀመሪያው ላሞቹ በዓይኑ ሥር ናቸው። በሁለተኛው ጠፍተዋል። በአንዲት ትንሽ ቃል ምክንያት መንጋው ጠፋ!

አንዳንዴም ሁለቱ ቃላት ተራርቀው ይቆማሉ። «ፑት ዘ ፋየር አውት» ቢልም እሳቱን አጥፋ ነው። እሳቱ በመካከላቸው ገባ እንጂ ጥማዱ አልተፈታም። ሁለት በሬዎችም መካከላቸው ክፍት ነው፤ ቀንበራቸው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አትፍረዱ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ እየሰፋ ሲሄድ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ያኔ ኦሮምኛ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን በቁቤ ይጻፋል። የቁቤ ፊደል የእንግሊዝኛውም ፊደል ስለሆነ ልጆቻችሁ በጀሪካኑ ላይ ያለውን ፊደል ይለዩላችኋል። ነገር ግን ፊደል መለየት አንድ ነገር ነው፤ ትርጉሙን ማግኘት ሌላ ነው። ያልገባችሁን የመድኃኒት ጽሑፍ ለግብርና ሠራተኛው ወይም ለመምህር አሳዩ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የማያሳፍረው ሳይጠይቁ መርዝ መጠጣት ነውን?

አንድ ጥማድ ልንገራችሁና ላብቃ። «ጊቭ» ስጥ ነው፤ «አፕ» ላይ ነው። «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ መቁረጥ፣ መሸነፍ ነው። እኛም የተሸነፈውን «እጅ ሰጠ» እንለዋለን። እነሱም እኛም በ«ስጥ» ተናገርነው። በመካከላችሁ «አርጅቻለሁ፣ ፊደሉ አልያዝልህ አለኝ» የሚሉ አሉ። ጀሪካኑን ይዘው የመጡት አባት ግን ዕድሜያቸውን አልቆጠሩም፤ ጠየቁ፣ ቤተሰባቸውንም ከመርዝ አዳኑ። እናንተም እጅ አትስጡ።



መልመጃ
1. «ዝም አለ» በሚለው ውስጥ «አለ» ተናገረ ማለት ነውን? ለምን?
2. ላሞች የጠፉበት ሰው «ሉክ አፍተር» ይላል ወይስ «ሉክ ፎር»?
3. ሁለት ቃላት ተጠምደው አዲስ ትርጉም የሚሰጡባቸውን አምስት ምሳሌዎች ከቤታችሁ ቋንቋ ጻፉ።