ስለ ሌተና ጄኔራል ጃጋማ ኬሎ



የጄኔራል ጃጋማ ኬሎ ስም ሲነሣ «የበጋው መብረቅ» እያልን እናጨበጭባለን፤ ይገባቸዋል። ፋሺስት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ ጫካ ገቡ፤ እኛ በዚያ ዕድሜ የያዝነው ደብተር ነበር። አምስት ዓመት ጠላትን ዕረፍት ነሥተው፥ በኋላም በጦር ሠራዊቱ እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደረሱ።

ዛሬ ግን ብዙ የማይጨበጨብለትን ሥራቸውን እናንሣ። በ1962 ዓ.ም. ባሌ ላይ ለዓመታት ሸፍተው የነበሩትን ዋቆ ጉቱን አነጋግረው እጃቸውን በሰላም እንዲሰጡ አደረጉ። ሁለቱም ኦሮሞ ናቸውና አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ገበሬውን ያሸፈተው የመሬትና የግብር በደል ግን እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ እንዳለ ቆየ፤ እሱን ማንሣት የመንግሥቱ እንጂ የእሳቸው ድርሻ አልነበረም።