የአራዳው ጊዮርጊስና የደጁ ሱቅ

አቅራቢው፦ የአራዳ ጊዮርጊስ ያልተሸከመው ነገር የለም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያው ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያም ደጁ ላይ ነበር፤ ወደ መርካቶ ያዛወረው ጣሊያን ነው። የእግር ኳሱ ክለብ ሳይቀር የሰማዕቱን ስም ይዟል።

አቅራቢዋ፦ ይኼ ሁሉ የደጅ ወሬ ነው እኮ፣ ወንድሜ! ፋሺስት በ1929 ዓ.ም. ሲያቃጥለው ምእመኑ ያለቀሰው ለዘውዱ ነው ለቅዳሴው?

አቅራቢው፦ ለሁለቱም ይሆናል። ቅዳሴውስ ያለ ገንዘብ ይቆማል እንዴ? ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት፣ የከተማውን ትርፍ ቤት ሲወርስ ቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያዋን አጣች። ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ የካህናቱ ደመወዝ ከየት ይምጣ? ብዙ አድባራት አጥራቸውን ተከትለው ሱቅ ሠርተው አከራዩ።

አቅራቢዋ፦ መላውማ ከውርሱ በፊት ተበጅቷል። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. የወጣው የቃለ ዓዋዲ ደንብ ካህናቱን፣ ምእመናኑንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ አስቀመጣቸው። አቡኑን ደርግ ገደላቸው፤ ደንቡ ግን ተረፈ። ችግሩ፣ ጉባኤው በኪራይ ውል ሲከራከር ካመሸ የንስሐ ልጆቹን ማን ይጠይቅ?

አቅራቢው፦ ኪራዩ ይቅር ነው የምትዪው?

አቅራቢዋ፦ አይቅር። ስብሰባው ሲከፈት ግን መጀመሪያ የአብነት ተማሪው ቀለብና የስብከቱ መርሐ ግብር ይነሣ፤ የሱቁ ሒሳብ ከዚያ ቢታይ ይደርሳል።